ያውቁ ኖሯል? ሰዓቱ ሲደርስ ሯጩም ይቆማል

ፎቅና የመኪና ጡሩምባ በከበበው የባንኮኩ ሉምፒኒ መናፈሻ፣ ልክ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሲሆን ድምፅ ማጉያው የታይላንድን ብሔራዊ መዝሙር ያሰማል። ያኔ ሯጩ ባለበት ቀጥ ይላል፤ ላቡ ካገጩ ይንጠባጠባል እንጂ እግሩ ንቅንቅ አይልም። መዝሙሩ ሲያበቃ ሩጫው ካቆመበት ይቀጥላል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይም እንዲሁ።

57 ሄክታር ግድም የሚሆነው ይህ ቦታ የንጉሥ ቫጂራቩድ (ራማ 6ኛ) ይዞታ ነበር። ንጉሡ የሲያምን (የዛሬዋን ታይላንድ) ምርት የሚያሳይ ትልቅ ኤግዚቢሽን ሊከፍቱበት ሲያሰናዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1925 አረፉ። ኤግዚቢሽኑ ቀረ፤ መናፈሻው ግን ለሕዝብ ተረፈ። ስሙ የተወሰደው ቡድሃ ከተወለደባት፣ ኔፓል ከምትገኘው ሉምቢኒ ነው።

በመናፈሻው ሐይቅ ዳር ግንድ የመሰለ ነገር ሲንቀሳቀስ አይቶ “አዞ!” ብሎ የሚደነግጥ እንግዳ አይፈረድበትም። አርጃኖ ነው። ምላሱ እንደ እባብ ለሁለት የተሰነጠቀ፣ አንዳንዱም ከ2 ሜትር የሚረዝም። ቁጥራቸው እየበዛ ሲያስቸግር፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የከተማዋ አስተዳደር በርካቶቹን በገመድ አስይዞ ወደ ሌላ ስፍራ አጓጉዟል። የቀሩት ዛሬም ዓሣ እያደኑ፣ ሲጠግቡ ሣሩ ላይ ተዘርግተው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ሯጩም ዞር ብሎ ያልፋቸዋል።