ፈረስ የአንዱ፥ ጭንቁ የሁሉ

ፈረስ ለሰው እጅግ የሚጠቅም እንስሳ ነው። ጌታውን በጀርባው ተሸክሞ ሩቅ መንገድ ያደርሰዋል። እህል ወደ ገበያ ይወስዳል፤ በከተማም ጋሪ ይስባል። በአንዳንድ ደጋ አገር ደግሞ እንደ በሬ ተጠምዶ ያርሳል። በሠርግ ቀን ሙሽራውን ያደምቃል፤ በሕመም ቀን በሽተኛውን ወደ ሐኪም ያደርሳል።

ይሁን እንጂ ፈረስ ያለው ሰው ሁሉ ባለጠጋ አይደለም። በብዙ ቤት ያለው ሀብት አንድ ፈረስ ብቻ ነው። እርሱ የታመመ እንደ ሆነ ሥራው ይቆማል፤ እርሱ የሞተ እንደ ሆነ ቤተ ሰቡ ይቸገራል። ስለዚህ አስተዋዮች የሆኑ ባለፈረሶች በክፉ ቀን ይረዳዳሉ። ክፉውም ቀን የሚመጣባቸው ይልቁንም በሦስት መንገድ ነው፤ በመኖ ማነስ፥ በበሽታና በሞት።

ፊተኛው የመኖ ማነስ ነው። ክረምት ሲወጣ ሣር በየመስኩ ይበዛል፤ በበጋው መጨረሻ ግን መስኩ ይደርቃል። ፈረስ እንደ በሬ አያመሰኳም፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ጥቂት በጥቂት መብላት ያስፈልገዋል። ሆዱ ባዶ ሆኖ የዋለ ፈረስ ቶሎ ይከሳል። በዚህ ጊዜ ድርቆሽ ያከማቸ ሰው ላላከማቸው ጎረቤቱ ያካፍላል። መስክ የተረፈውም የባልንጀራውን ፈረስ ከራሱ ፈረስ ጋር ያሰማራል። ነገር ግን ቸርነት ዕውቀት ያስፈልገዋል። ተርቦ ለሰነበተ ፈረስ ብዙ ገብስ ባንድ ጊዜ ቢሰጡት ሆዱ ይነፋና ሊሞት ይችላል። ስለዚህ አስተዋይ ሰው ለተራበ ፈረስ አስቀድሞ ድርቆሽና ውሃ፥ በኋላም ገብስ ጥቂት በጥቂት ይሰጠዋል።

ሁለተኛው በሽታ ነው። የአፍሪቃ የፈረስ በሽታ የሚባል ብርቱ ደዌ አለ። ይህን ደዌ ከፈረስ ወደ ፈረስ የሚያደርሱት ደም የሚመጡ፥ ከወባ ትንኝ ያነሱ ነፍሳት ናቸው። እነርሱም በዝናብ ወራትና ዝናቡ ባለፈበት ሰሞን ይበዛሉ፤ የሚናከሱትም ይልቁንም ከምሽት እስከ ንጋት ነው። የታመመው ፈረስ ትኩሳት ይይዘዋል፤ ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ያብጣል፤ መተንፈስ ያቅተዋል፤ ከአፍንጫው አረፋ ይወጣል። ብዙዎቹም በጥቂት ቀን ውስጥ ይሞታሉ። ለዚህ ደዌ የሚፈውስ መድኃኒት የለም፤ የሚከላከል ክትባት ግን አለ፤ በአገራችንም በቢሾፍቱ ከተማ ይሠራል።

እንግዲህ በፈረሱ ላይ ይህን ምልክት ያየ ሰው ዝም ቢል ጎረቤቶቹን ሁሉ ይጎዳል። ፈጥኖ ቢናገር ግን እነርሱ ፈረሶቻቸውን ሌሊት በቤት ያሳድራሉ፤ የእንስሳት ሐኪምም ይጠራሉ። የታመመውን ፈረስ ደኅና ነው ብሎ ለማያውቅ ሰው መሸጥ ከስርቆት አይሻልም። እውነትን በጊዜው መናገር ገንዘብ የማያስወጣ ትልቅ ርዳታ ነው።

ሌላም በጋሪ ፈረሶች ላይ የሚበዛ የቆዳ በሽታ አለ። ቆዳው በየስፍራው ያብጥና ይፈነዳል፤ መግልም ይወጣዋል። ይህ ደዌ በቁስልና በዕቃ ይተላለፋል። ስለዚህ ሌላ ጊዜ ኮርቻንና ልጓምን ማዋስ ደግ ሥራ ሲሆን፥ የታመመ ፈረስ ዕቃ ግን ለማንም አይዋስም። እንዲህ ባለ ጊዜ መከልከል ራሱ ወዳጅነት ነው።

ሦስተኛው ሞት ነው። ፈረሱ የሞተበት ሰው ብቻውን ሌላ መግዛት ይከብደዋል፤ ብዙዎች ቢያግዙት ግን ቀላል ነው። ለምሳሌ የአንድ ፈረስ ዋጋ 20,000 ብር ቢሆንና ረዳቶቹ 100 ሰዎች ቢሆኑ፥ እያንዳንዱ 200 ብር ቢያወጣ ይበቃል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፥ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው የሚባለው ስለዚህ ነው። ዛሬ የሰጠ ሰው ነገ ሲቸግረው ይቀበላል፤ ሰጪና ተቀባይም ሳይተፋፈሩ አብረው ይኖራሉ።

የፈረሰኞች አንድነት በክፉ ቀን እንደሚጸና የሚያሳይ ምስክር በጎጃም፥ በአዊ ምድር ይገኛል። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓመተ ምሕረት ነው። በዚያ ዘመን የጣሊያን ጦር ገና ከአገሩ አልወጣም ነበር። የማኅበሩም ዓላማ ፈረስ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓመተ ምሕረት በዐድዋ፥ ከዚያም በኋላ ከጠላት ጋር በተደረገው ተጋድሎ የሰጠውን አገልግሎት ማሰብ ነው። ማኅበርተኞቹ ግን የፈረስን ውለታ በማሰብ ብቻ አልቆሙም፤ በደስታና በሐዘን ይረዳዳሉ፤ የተጣሉትንም ያስታርቃሉ። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል፥ ፈረሶቻቸውን ሸልመው በእንጅባራ ከተማ ይሰበሰባሉ። በጥቂት ሰዎች የተጀመረው ማኅበር ዛሬ ብዙ አሥር ሺህ አባላት አሉት። መከራ ሰዎችን ሊበትን ይችላል፤ እነዚህ ግን በመከራ ዘመን ተሰበሰቡ፥ በደኅናውም ዘመን አልተለያዩም።

ርዳታ የሚቀበል ሰውም የራሱ ግዴታ አለበት። ፈረስ የተዋሰ ሰው ከአቅሙ በላይ አይጭነው፤ ዳገት ላይ አያስሩጠው። ኮርቻው የላላ ወይም የተጣመመ እንደ ሆነ ጀርባውን ይልጠዋልና፥ ፈረሱ እንዳይገጥብ ደጋግሞ ይመልከት። መንገዱን ሲጨርስ ያሳርፈው፤ ያጠጣው፤ ያብላው። ጉዳት ቢደርስበት ሳይሸሽግ ለጌታው ይንገረው። የሰውን ፈረስ አድክሞና አቍስሎ የሚመልስ ሰው ያበላሸው አንድ ፈረስ ብቻ አይደለም። ፈረሱን ያዋሰው ሰው ሁለተኛ ማንንም አያምንምና፥ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ችግረኛ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ፈረስ አፍ የለውም፤ ራበኝ፥ አመመኝ ብሎ አይናገርም። ችግረኛ ሰውም ብዙ ጊዜ አፍሮ ዝም ይላል። ስለዚህ ደግ ሰው እስኪለምኑት አይጠብቅም፤ አይቶ ይረዳል። የጎረቤቱ ፈረስ ሲከሳ ያየ ሰው ድርቆሹን ይያዝ፤ የጎረቤቱ ጋጥ ባዶ ሆኖ ያየ ሰው የራሱን ፈረስ ለአንድ ቀን ሥራ ያውሰው። ፈረስ ጌታውን ወደ ሩቅ አገር ያደርሰዋል፤ ከክፉ ቀን የሚያሻግረው ግን ባልንጀራው ነው።