አስፐርገር ሲንድረም ያለባቸውን ልጆች እንዴት እንርዳቸው?

ጌታችን ሲወለድ ጀምሮ ዕውር የነበረውን ሰው ባየ ጊዜ፣ ደቀ መዛሙርቱ ኃጢአት የሠራው ራሱ ይሁን ወላጆቹ ጠይቀውት ነበር። ጌታም የእርሱም የወላጆቹም ኃጢአት እንዳልሆነ ነግሯቸዋል (ዮሐ. 9፥1-3)። ይህ ጥያቄ ዛሬም በመካከላችን ይሰማል። ከሌሎች ልጆች ለየት ያለ ጠባይ ያለው ልጅ ስናይ “ወላጆቹ ምን አድርገው ይሆን?” ወይም “ክፉ መንፈስ ይሆን?” ለማለት እንቸኩላለን። በዚህም ምክንያት ብዙ ወላጆች አፍረው ልጆቻቸውን ከቤት አያወጡም፤ ወደ ቤተ ክርስቲያንም ይዘው መምጣት ይተዋሉ።

አስፐርገር ሲንድረም ስያሜውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1944 ስለ እንደነዚህ ዓይነት ልጆች ከጻፈው ኦስትሪያዊ የሕፃናት ሐኪም ከሃንስ አስፐርገር ነው። ስያሜውን በስፋት ያስተዋወቀችው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1981 እንግሊዛዊቷ የሥነ አእምሮ ሐኪም ሎርና ዊንግ ናት። እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ለብቻው ከመጥራት ይልቅ በኦቲዝም ሥር አካትቶታል። አብሮ የሚወለድ የአእምሮ ዕድገት ልዩነት እንጂ ከአስተዳደግ ጉድለት የሚመጣ ወይም ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ አይደለም።

እነዚህ ልጆች በአብዛኛው አፋቸውን የሚፈቱት በጊዜው ነው፤ የማሰብ ችሎታቸውም አይጎድልም። የሚቸገሩት የሰውን ፊትና የድምፅ ቃና አንብቦ ስሜቱን በመረዳት ነው። ንግግርን ቃል በቃል ስለሚወስዱ “ጆሮህን አውሰኝ” የተባለ ልጅ ግራ ሊጋባ ይችላል። የለመዱት ሥርዓት በድንገት ሲለወጥ ይጨነቃሉ። በአንድ ጉዳይ ላይ፣ ለምሳሌ በቍጥር ወይም በካርታ፣ ከዕድሜያቸው የላቀ ዕውቀት ሊኖራቸው ይችላል።

በባህላችን ልጅ በታላላቆች ፊት አንገቱን ማቀርቀሩ ጨዋነት ስለሆነ፣ ዓይን ለዓይን አለመተያየቱ ላይታወቅ ይችላል። ነገር ግን ያው ልጅ ጉንጩን ሊስሙት ሲቀርቡ ቢሸሽ “ያልተቀጣ” ይባላል። ንክኪው፣ ጫጫታው ወይም ሽታው ከዐቅሙ በላይ ሆኖበት እንደሆነ ግን አናስተውልም። እንዲህ ያለው ልጅ ሲጮኽ ወይም ጆሮውን ይዞ ሲሸሽ ዱላና ቍጣ ጭንቀቱን ያባብሱበታል። ጸጥ ወዳለ ስፍራ ወስደን፣ ንግግር አሳንሰን፣ እስኪረጋጋ መታገሥ ይገባናል።

ወላጆች የዕለቱን ውሎ አስቀድመው በቅደም ተከተል ቢነግሩት ወይም በሥዕል ቢያሳዩት ልጁ ይረጋጋል። ትእዛዝም አጭርና ግልጽ ይሁን። “ሥርዓት ያዝ” ከማለት “እዚህ ተቀመጥ፤ በዝግታ ተናገር” ማለት ይሻላል።

በቤተ ክርስቲያንም ልንረዳቸው እንችላለን። የከበሮውና የጽናጽሉ ድምፅ፣ የዕጣኑ መዓዛና የሕዝቡ ብዛት ሊከብደው ስለሚችል፣ ሕዝብ በሌለበት ሰዓት ወስዶ ስፍራውን ማለማመድ፣ በአገልግሎት ጊዜም ከድምፅ ማጉያው ራቅ ብሎ መቆም ይጠቅማል። ቅዱስ ቍርባን ስለሚቀበልበት ሁኔታ ከንስሓ አባት ጋር መመካከር ይገባል። የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራንም ልጁ የሚወደውን ነገር የትምህርት በር ሊያደርጉት ይችላሉ። ቍጥር የሚወድ ልጅ በባሕረ ሐሳብ ሊደሰት፣ ሥርዓትና ድግግሞሽ የሚወድም የዜማ ትምህርትን በትጋት ሊይዝ ይችላል። በእኩዮቹ እንዳይሳለቁበትም መጠበቅ አለባቸው፤ መገለልና ፌዝ ልጁን ለከባድ ሐዘንና ጭንቀት ይዳርጉታልና።

ጠበልና ጸሎት ከሕክምና ጋር አይጣሉም። ወላጆች ልጃቸውን ጠበል እያስጠመቁ የሕፃናት ሐኪም ወይም የሥነ ልቡና ባለሙያ ሊያማክሩ ይገባል። ልዩነቱን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም፤ በጊዜ የተጀመረ እገዛ ግን የልጁን ኑሮ እጅግ ያቀልለታል። በሀገራችን እ.ኤ.አ. በ2002 በወይዘሮ ዘሚ የኑስ የተመሠረተው ኒያ ፋውንዴሽን ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች በመርዳት ቀዳሚ ሆኖ ቆይቷል።

እንግዲህ በቅዳሴ መካከል የሚጮኽ ልጅ ስናይ ዘወር ብለን በዓይናችን እናቱን አንገሥጻት፤ ይልቁንም ስፍራ እንልቀቅላት። ያ ልጅ እንደ እኛው በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠረ፣ በጥምቀትም የክርስቶስ አካል ብልት የሆነ ነው።