የእናቷ እንጀራ ስንት ያወጣል?

ሐሙስ ማታ ነው። ክርያት መላኪ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣዶች ግለዋል። የ23 ዓመቷ ልጅ ስልኳን ይዛ ከምጣዱ አጠገብ ቆማለች። እናቷ ሊጡን ከዳር ወደ መሃል እያዞሩ ሲያፈሱ ሰዓቱን ታስጀምራለች። እንጀራው ሲነሳ ታቆምና ደብተሯ ላይ ትጽፋለች።

"ምንድን ነው የምትቆጥሪው?" አሉ እናት።

"ደቂቃውን ነው እማዬ። ለሚክላላ ነው።"

"እንጀራ ዓይኑን አይተሽ ነው የምታወጪው እንጂ ሰዓት አይተሽ ነው እንዴ?"

ልጅቱ በደቡብ በሚገኝ አንድ ኮሌጅ የሁለተኛ ዓመት የንግድ አስተዳደር ተማሪ ናት። በዚህ ዓመት የወሰደችው አንዱ ትምህርት በዕብራይስጥ "ያዛሙት" የሚባለው፣ በእኛ ቋንቋ የሥራ ፈጠራ ትምህርት ነው። መምህሩ ለተማሪዎቹ የሰጡት የመጀመሪያ ሥራ ቀላል ይመስል ነበር። "የምታውቁትን አንድ ትንሽ ንግድ ምረጡ፣ ወጪና ገቢውን ቁጠሩ፣ ከዚያ እንዴት እንደሚያድግ አሳዩ" አሏቸው። አንዱ ተማሪ የአጎቱን ጋራዥ መረጠ። ሌላዋ የጓደኛዋን የጥፍር ቤት መረጠች። እሷ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ ቤት ውስጥ ስታየው የኖረችውን የእናቷን እንጀራ ይዛ ተነሳች። ስሟም የእናቷም ስም እንዲጻፍ አልፈለጉም፤ ምክንያቱን አንባቢ ወደ ኋላ ያየዋል።

እናቷ የ58 ዓመት ሴት ናቸው። ወደ እስራኤል የመጡት በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ነው፤ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን በተጓጓዘበት ጊዜ። ብዙ ዓመት በጽዳት ሥራ ኖረው ወገባቸው ሲታመም ተዉት። እንጀራ ለሰው መጋገር የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው። መጀመሪያ ለአንዲት ጎረቤት ነበር፣ ከዚያ ለሁለት ሆነ፣ አሁን በሳምንት 120 እንጀራ ይጋግራሉ። አምስት አምስቱ በፌስታል ይታሸግና በ20 ሸቅል ይሸጣል።

ልጅቱ ሦስት ሳምንት ቆጠረች። ጤፉን ገዝቶ ማምጣት አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። መንፋትና ማቡካት ሁለት ሰዓት፣ አብሲት መጣል አንድ ሰዓት፣ መጋገር አራት ሰዓት፣ ማሸግና በየቤቱ ማድረስ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ድምሩ 11 ሰዓት ሆነ። ወጪው ደግሞ ለ24 ኪሎ ጤፍ 288 ሸቅል፣ ለመብራት ወደ 12፣ ለፌስታል 10፣ በጠቅላላው 310 ሸቅል ነው።

ሁሉም ሰው ቢከፍል ገቢው 480 ሸቅል ነበር። ግን ሁሉም አይከፍልም። ከ24ቱ እሽግ አራቱ በየሳምንቱ በዱቤ ይሄዳል፣ ዱቤውም አይመለስም። ስለዚህ እጅ የሚገባው 400 ሸቅል ነው። ወጪው ሲቀነስ 90 ይቀራል። ይህ ለ11 ሰዓት ሲካፈል ለአንድ ሰዓት 8 ሸቅል ከ18 አጎራ ይሆናል።

በኤፕሪል 2025 በሕግ የተደነገገው ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 34 ሸቅል ከ32 አጎራ ነበር። ልጅቱ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ደመረችው። ከዚያ የቅዳሜ ሌሊት፣ ሰንበት ከወጣ በኋላ፣ ደብተሯን ይዛ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች።

"እማዬ፣ ከዚህ ይልቅ ጽዳት ብትሠሪ አራት እጥፍ ታገኚ ነበር" አለቻቸው።

እናት ዝም አሉ። ከዚያ "አንቺን ያስተማርሁት በምን ይመስልሻል?" ብለው ተነሥተው ወደ መኝታቸው ገቡ። ሁለቱ እስከ ሰኞ ድረስ ከሰላምታ በቀር አልተነጋገሩም።

ልጅቱ ያልገባት ነገር ነበር። ለእሷ ቁጥሩ እናቷ እየተጎዱ መሆኑን የሚያሳይ ነበር። ለእናቷ ግን ልጃቸው የደከሙበትን ሥራ "ዋጋ የለውም" ያለቻቸው ነው የመሰላቸው። እጅ ሥራን መናቅ ደግሞ በዚህ ቤተሰብ ውስጥ የቆየ ቁስል አለው።

የእናቷ እናት ከጎንደር በስተሰሜን ባለችው በወለቃ መንደር ሸክላ ሠሪ ነበሩ። እናትም በልጅነታቸው ጭቃ ተሸክመዋል፣ ለጎብኚ የሚሸጡ ትናንሽ የሸክላ ምስሎችንም ሠርተዋል። አባቶቻችን ርስት ሲከለከሉ ቀጥቃጭ፣ ሸማኔና ሸክላ ሠሪ ሆነው እንደኖሩ ሽማግሌዎች ያውቁታል። የጎንደር ግንቦች ሲሠሩም የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጢዎች እጅ አለበት። ያረሰው ሁሉ ማረሻውን ከእነርሱ ይገዛ ነበር፣ መልሶ ደግሞ "ቡዳ" ይላቸው ነበር። በእጅ ሠርቶ ማደር ለእናትየዋ አዲስ ነገር አይደለም። ሥራቸውን የሚያሳንስ ቃል ከገዛ ልጃቸው አፍ መስማት ግን አዲስ ሆነባቸው።

ኮሌጅ ውስጥም ልጅቱ እንግዳ ነገር ገጠማት። መምህሩ አንድ ቀን አዲስ ንግድ የመጀመሪያ ገንዘቡን ከየት እንደሚያገኝ ሲያስረዱ "ከቤተሰብና ከጓደኛ ነው" አሉ። ተማሪው ሁሉ ከማን ስንት ሊያገኝ እንደሚችል ወረቀት ላይ እንዲጽፍ ተጠየቀ። አጠገቧ የተቀመጠው ልጅ አባቱን፣ አያቱንና ሁለት አጎቶቹን ጻፈ። እሷ ወረቀቷን ባዶ አስቀመጠች። "ብትወድቁ አትፍሩ፣ ውድቀት ትምህርት ነው" ሲባልም የቤት ኪራዩን ማን ይከፍላል ብላ አሰበች።

ከትንሽ ዝምታ በኋላ ግን አንድ ነገር ጻፈች፤ "ዕቁብ"። መምህሩ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቋት፣ ወጥታም በሰሌዳው ላይ አስረዳች። እናቷ ከ11 ሴቶች ጋር ይጥላሉ፤ 12 ሰው በየወሩ 500 ሸቅል ያዋጣል፣ ተራ የደረሰው 6,000 ሸቅል ይወስዳል። ወለድ የለውም። ተማሪዎቹ "ተራው የደረሰው ሰው ወስዶ ቢጠፋስ?" አሏት። "እስካሁን የጠፋ የለም። ደግሞስ የት ይሄዳል? ለቅሶ ሲደርስበት ማን ሊመጣለት?" አለች። ክፍሉ ሳቀ። መምህሩ ግን አልሳቁም፣ ባንክ ዋስና መያዣ የሚጠይቀው ይህን መተማመን ስለሌለው ነው ብለው ትምህርቱን በዚያው ላይ ቀጠሉ።

የሚቀጥለው ሥራ ከደንበኞች ጋር መነጋገር ነበር። አስር ሰው መጠየቅ አለባት። እናቷን ሳታስፈቅድ መሄድ ስላልፈለገች ሰኞ ማታ ይቅርታ ጠየቀች። እናት "ሂጂ፣ ግን ገንዘብ እንዳትጠይቂ" አሏት።

የእናትየዋ የዱቤ መዝገብ አንድ የቆየ የትምህርት ቤት ደብተር ነው። ማንበብና መጻፍ ስላልተማሩ ለእያንዳንዱ ቤት የራሳቸው ምልክት አላቸው። ለአንዱ ዛፍ፣ ለአንዱ በር፣ ለሌላው የተሰበረ ክብ። በምልክቱ ሥር ጭረት ይደረደራል። ልጅቱ ይህን ደብተር ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ ብላ አየችው። ብዙ ጭረት የነበረበት የዛፉ ምልክት ነው፤ 26 እሽግ፣ ማለትም 520 ሸቅል።

ዛፉ ከእናቷ ጋር ከመርካዝ ክሊታ ጀምሮ የሚተዋወቁ፣ እንደ እህት የነበሩ ሴት ናቸው። ለአንድ ዓመት ያህል ግን ቤት መጥተው አያውቁም። ሱፐርማርኬት ውስጥ ሲገናኙም አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ። እናትየዋ "ምን እንዳስቀየምኋት አላውቅም" እያሉ ሲያዝኑ ነው የከረሙት።

ልጅቱ በራቸውን አንኳኳች። ቡና ተፈላ። ስለ እንጀራው ጥራት፣ ስለ ውፍረቱ፣ በየትኛው ቀን ቢደርስ እንደሚሻል ጠየቀቻቸው። ሴትዮዋ ሲመልሱ ቆይተው በመሃል እንባቸው መጣ። "ልጄ፣ የእናትሽን ገንዘብ በልቼ በምን ዓይኔ ልያት?" አሉ። ባላቸው ሥራ ሲያቆሙ መክፈል አቅቷቸው ነበር። ዛሬ ነገ ሲሉ ብዙ ሆነ። ስንት እንደሆነ እንኳን አያውቁም ነበር፤ በልባቸው ሁለት ሺህ ደርሷል ብለው ፈርተው ነው የሸሹት።

"520 ነው" አለች ልጅቱ። ገንዘብ እንዳትጠይቂ መባሏን ታውቃለች፤ አልጠየቀችም፣ ቁጥሩን ብቻ ነው የነገረቻቸው።

በዚያው ሳምንት ዓርብ ጠዋት ሴትዮዋ 100 ሸቅል በመሐረብ ቋጥረው መጡ። የቀረውንም በየወሩ 70 ለመክፈል ቃል ገቡ። እናትየዋ ገንዘቡን ወዲያው አልተቀበሉም። ከብዙ ግብግብ በኋላ ነው የያዙት። ማታ ለልጃቸው "ለካ ዝም ማለቴ ነው ያራቃት" አሏት።

ከዚህ በኋላ እናትና ልጅ አብረው ተቀምጠው ሂሳቡን ሠሩት። ልጅቱ በዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ ሒሳብ ከተሄደ አንዱ እሽግ ወደ 29 ሸቅል መሸጥ እንዳለበት አሳየቻቸው። እናት "ሰው ይጣላኛል" አሉ። በ25 ተስማሙ። የለቅሶ ቤት፣ የታመመ ሰውና አራስ ጉዳይ ሲነሳ ግን እናት አልተነቃነቁም። "ለለቅሶ ቤት እንጀራ ሸጬ ልኑር?" አሉ። ልጅቱም አልተከራከረችም። በየሳምንቱ ሦስት እሽግ ለዚህ እንዲቀመጥና በደብተሩ ላይ የራሱ ምልክት እንዲኖረው አደረጉ። የተሰጠው ስጦታ ተብሎ ይጻፋል፣ የተሸጠው ሽያጭ ተብሎ ይጻፋል። ዱቤ ከሁለት ሳምንት በላይ ሲሆን ባለዕዳው ስንት እንዳለበት በደግ ቃል ይነገረዋል።

ዋጋው የከበዳቸው ሁለት ደንበኞች ቀሩ። በእነርሱ ፈንታ ከሬሆቮት የምትመጣ አንዲት ሴት ሁለት እሽግ መውሰድ ጀመረች። አሁን 21 እሽግ በ25 ሸቅል ሲሸጥ 525 ይሆናል፤ ወጪው ሲቀነስ 215። ለሰዓት 19 ሸቅል ተኩል ያህል ማለት ነው። ከዝቅተኛው ክፍያ ገና አልደረሰም።

የሕጉ ነገር ደግሞ ሌላ ዳገት ነው። በአገሩ ሕግ ንግድ የሚሠራ ሰው ገቢው ትንሽም ቢሆን መመዝገብ አለበት። የዓመት ሽያጩ ከተወሰነው ጣሪያ በታች የሆነ ሰው "ኦሴክ ፓቱር" ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል፤ ጣሪያው በ2025 120,000 ሸቅል ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ከደንበኛው 18 በመቶ የሚሆነውን ማዓም አይሰበስብም፣ በዕቃ ሲገዛ የከፈለውን ማዓምም አያስመልስም። በቢቱዋሕ ሌኡሚም መመዝገብ አለበት። ምግብ አምርቶ መሸጥ ደግሞ ከ1968 ጀምሮ ባለው የንግድ ፈቃድ ሕግ ሥር ይገባል፣ የጤና ሚኒስቴርም ደንብ አለው። የቤት ማድ ቤት ይህን ማሟላት ይከብደዋል። ልጅቱ አንድ ሱቅ ሄዳ እንጀራው እንዲሸጥላት ስትጠይቅ የሱቁ ባለቤት የመጀመሪያ ጥያቄው "ፈቃድ አላችሁ?" የሚል ነበር።

ስማቸው እንዲወጣ ያልፈለጉትም በዚህ ምክንያት ነው። ነገሩን ሕጋዊ ለማድረግ እየሞከሩ ነው። ልጅቱ በኢኮኖሚ ሚኒስቴር ሥር ባለው የአነስተኛ ንግዶች አማካሪ ማዕከል፣ "ማዖፍ" በሚባለው፣ ቀጠሮ ይዛለች። ያሰበችው ፈቃድ ካለው ማድ ቤት በሳምንት ጥቂት ሰዓት መከራየት ነው። ለመነሻ ገንዘብም ስለ ብድር አጣርታለች። በ1990 በፕሮፌሰር ኤሊዔዘር ያፌ ኢየሩሳሌም ውስጥ የተመሠረተው፣ ዛሬ "ኦጌን" የሚባለው ማኅበር ከወለድ ነፃ ያበድራል፤ ዋስ ግን ይፈልጋል። እናት "ዋስ ሁኑልኝ ብዬ የማንንም በር አላንኳኳም፣ የዕቁብ ተራዬ እስኪደርስ እንጠብቅ" ብለዋል። በዚህ ጉዳይ ገና አልተስማሙም።

በኮሌጁ ያቀረበችው ሥራ 84 ነጥብ አገኘ። መምህሩ ነጥብ የቀነሱት በነፃ የሚሰጠውን ሦስት እሽግ በሚመለከት ነው። "ይህን ለመተው ለምን አላሰብሽም?" ብለው በወረቀቱ ጠርዝ ጽፈውበታል። እሷም ከሥሩ መልስ ጻፈችበት፤ እናቷ ለቅሶ ሲደርስባቸው ሰባቱን ቀን ቤታቸው እሳት ሳይነድ ስንት ሰው እንደበላ፣ ያን እንጀራ ማን እንዳመጣው ዘረዘረች። ወረቀቱን መልሳ አስረክባለች።

ባለፈው ሐሙስ እናት እንደ ልማዳቸው ሲጋግሩ ልጅቱ እንጀራውን እየቆጠረች በፌስታል ታስገባ ነበር። ሥራው ሲያልቅ እናት ደብተሩን አምጪ አሏት። የሰዓቱን ዝርዝር አንድ በአንድ አስነበቧት። አዳመጡና ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አኖሩ።

"የእኔን ጽፈሻል። ያንቺስ ሰዓት የት አለ?"

ልጅቱ ሳቀች። እናት አልሳቁም። "ሁለት ሰዓት ቆመሻል፣ ጻፊው" አሏት።