«ይመለስብኝ ይሆን?»፦ የጡት ካንሰርን ማገርሸት በአቅማችን ስለ መተንበይ



ከሜክሲኮ አደባባይ በሰንጋ ተራ በኩል ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚወስደው መንገድ አጭር ነው። ለብዙ እናቶችና እህቶች ግን ከሩቅ ክፍለ ሀገር የተጀመረ የረጅም ጉዞ መጨረሻ ነው። ሆስፒታሉ ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና መስጫ ነበርና። ቀዶ ሕክምናዋን ያጠናቀቀች ሴት ሐኪሟን ደጋግማ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ዶክተር፣ ይመለስብኝ ይሆን?» እኔ የፓቶሎጂ ባለሙያ እንደ መሆኔ ይህችን ሴት ፊት ለፊት የማያት ከስንት አንዴ ነው፤ የጥያቄዋ መልስ ግን በአመዛኙ በእኛ ማይክሮስኮፕ ሥር ይገኛል።

በቅድሚያ ስለ ጊዜው ላስረዳ። የጡት ካንሰር በሁሉም ሴቶች ላይ በአንድ ዓይነት ፍጥነት አያገረሽም። ኢስትሮጅን ተቀባይ የሌለው ዕጢ የሚመለስ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ነው፤ አምስት ዓመት ካለፈ በኋላ ስጋቱ በእጅጉ ይቀንሳል። ተቀባይ ያለው ዕጢ በአንጻሩ እስከ 20 ዓመት ድረስ ቀስ እያለ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ትንበያ «ይህ ዕጢ ከየትኛው ወገን ነው?» የሚለውን መመለስ ነው።

ሀብታም አገሮች ይህን ጥያቄ የብዙ ጂኖችን እንቅስቃሴ በሚለኩ ምርመራዎች ያጠናክሩታል። ከእነዚህ የታወቀው 21 ጂኖችን የሚለካው ሲሆን ዋጋው በሺህ የሚቆጠር ዶላር ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የብሪታንያ ጥናት በተራ ማቅለሚያ የሚሠሩ አራት ምርመራዎችን፣ ማለትም የኢስትሮጅን ተቀባይን፣ የፕሮጄስትሮን ተቀባይን፣ ኸር-2ንና ኪ-67ን፣ በአንድ ቀመር አዋሕዶ መረመረ። የወር አበባቸው በተቋረጠ፣ ተቀባይ ባላቸው ሴቶች ላይ የተገኘው መረጃ ከ21ዱ ጂኖች ምርመራ የሚተናነስ አልነበረም። ይሁንና ጥናቱ የተካሄደው ከእኛ ታካሚዎች በዕድሜ በገፉ ሴቶች ላይ መሆኑን እንዳንዘነጋ።

ከዚህም የረከሰ መሣሪያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1982 የቀረበው የኖቲንግሃም መለኪያ የሚፈልገው ማስመሪያ፣ ማይክሮስኮፕና ትዕግሥት ብቻ ነው። የዕጢው ስፋት በሳንቲሜትር ተለክቶ በ0.2 ይባዛል፤ በብብት ንፍፊቶች ሁኔታ ከ1 እስከ 3፣ በዕጢው ግሬድ ከ1 እስከ 3 ነጥብ ይጨመርበታል። ለምሳሌ ዕጢዋ 3 ሳንቲሜትር የሆነ፣ ሁለት ንፍፊቶቿ የተነኩባት፣ ግሬዷ 3 የሆነ ሴት 0.6 ሲደመር 2 ሲደመር 3፣ ማለትም 5.6 ታገኛለች። ከ5.4 በላይ ስለ ሆነ ስጋቷ ከፍተኛ ነው። ግሬዱ 2 ቢሆን ኖሮ ድምሩ 4.6 ሆኖ ከመካከለኛው ክፍል ትገባ ነበር። አንዲት ቁጥር የሕክምናን አቅጣጫ ትለውጣለች።

እንግዲህ ችግራችን ወዴት ነው? እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 በጥቁር አንበሳ የታከሙ 1,070 ሴቶችን የተከታተለውና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ጥናት በግልጽ ያሳየናል። መካከለኛ ዕድሜያቸው 43 ዓመት ነበር። ከሁሉም የኢስትሮጅን ተቀባይ ውጤት የተገኘላቸው 352ቱ ብቻ ናቸው፤ ከእነዚህም 65 በመቶው ተቀባይ ያላቸው ሆነው ተገኙ። ለቀሩት 718 ሴቶች ግን ያ መረጃ አልነበረም። ከእነርሱ መካከል በታሞክሲፈን ልትጠቀም የምትችለው የትኛዋ እንደ ነበረች ማን ይናገር? ርካሽ የሆነው ታሞክሲፈን ተቀባይ ላላቸው ሴቶች ለአምስት ዓመት ሲሰጥ በጡት ካንሰር የመሞትን ዕድል በሲሶ ያህል ይቀንሳል።

ስለ ደም ምርመራም ብዙ እጠየቃለሁ። ሲኤ 15-3 የተባለው ጠቋሚ በተዛመተ ካንሰር ላይ የሕክምናን ውጤት ለመከታተል ያግዛል። በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ባሉ ብዙ ሴቶች ግን መጠኑ አይጨምርም፤ በጉበት ሕመምም ከፍ ሊል ይችላል። ምልክት ለሌላት ሴት በየጊዜው እንዲሠራ የአሜሪካ የካንሰር ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ አይመክርም። የነጭ የደም ሕዋሳት ዓይነቶችን ንጽጽርም እንዲሁ ተስፋ ያደረጉበት ጥናቶች አሉ፤ ነገር ግን ማንኛውም ኢንፌክሽን ያዛባዋል። ለዕለት ጉርስ የተቸገረች ሴት ገንዘቧን እዚህ ላይ እንድታፈስ ልንገፋፋት አይገባም።

ገንዘቡ መዋል ያለበት ፎርማሊኑ ላይ ነው። ከዓመታት በፊት ከአንድ የጤና ተቋም ዕጢ ደረሰኝ፤ በጠባብ ብልቃጥ ታጭቆ፣ ፎርማሊኑ ሳይሸፍነው ቀናት አሳልፏል። ስናቀልመው ኢስትሮጅን ተቀባይ አልታየበትም። «የለውም» ብዬ ልፈርም ብዕር ካነሣሁ በኋላ አጠገቡ ያሉትን ጤናማ የጡት ሕዋሳት ተመለከትሁ፤ እነርሱም አልቀለሙም። ጤናማዎቹ ካልቀለሙ ውጤቱ «የለውም» ሳይሆን «ሊነበብ አይችልም» ነው። ቀድሞ በመርፌ የተወሰደውን ናሙና አስመጥተን ስናቀልም ተቀባዩ በጉልህ ታየ። በእኔ ፊርማ ያቺ ሴት መድኃኒቷን ልታጣ ነበር።

ተማሪዎቼ፣ ሦስት ነገሮችን ያዙልኝ። ዕጢው ከወጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ተሰንጥቆ በቂ ፎርማሊን ውስጥ ይግባ፤ ከ6 ሰዓት ሳያንስ፣ ከ72 ሰዓት ሳይበልጥ ይቆይ። በየስላይዱ ጤናማውን ሕዋስ ሳታዩ አትፈርሙ። የኪ-67 ውጤት ከ5 በመቶ በታች ወይም ከ30 በመቶ በላይ ሲሆን ተማመኑበት፤ በመካከል ያለውን ግን በጥንቃቄ ያዙት።

አዲስ ጠቋሚ መፈለግን አልቃወምም፤ ምርምር ይቀጥል። ነገር ግን በእጃችን ያሉትን ጠቋሚዎች ለእያንዳንዷ ሴት ሳናዳርስ የሩቁን ብናማትር፣ «ይመለስብኝ ይሆን?» ለሚለው ጥያቄ ዝምታን መልስ አድርገን እንሰጣለን። ያ ዝምታ ለ718 ሴቶች ደርሷል። ከእንግዲህ ግን ሊደርስ አይገባም።