የፍሬን መብራት ሲበራ፦ ዘይቱ የት ሄደ?

በአሮጌ መኪና ዳሽቦርድ ላይ ከሚበሩት ምልክቶች መካከል እንደ ፍሬኑ መብራት በችኮላ የሚታለፍ ጥቂት ነው። ቀይ ነው፤ በክብ ውስጥ ቃለ አጋኖ ተቀምጦበታል፤ ግራና ቀኙን ቅስት ይከብበዋል። ሲበራ ብዙ አሽከርካሪ ኮፈኑን ከፍቶ የፍሬን ዘይት ይጨምራል፤ መብራቱ ይጠፋል፤ ጉዳዩም እዚያው ያበቃል። የእኔ መከራከሪያ ግን ይህ ነው፦ ምክንያቱ ሳይታወቅ የተጨመረ ዘይት ብልሽቱን አይጠግንም፤ ይልቁንም ብልሽቱ የት እንዳለ የሚጠቁመውን ማስረጃ ያጠፋል። ነገሩ አሁን ከቀድሞው ይበልጥ ሊታሰብበት ይገባል። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለከለከለች፣ ዛሬ መንገድ ላይ የምናያቸው ዲኤክሶችና ቪትዞች ገና ብዙ ዓመት ማገልገላቸው አይቀርም። ያረጀ መኪና ጎሚኒው ይደርቃል፣ ቱቦው ይዝጋል፣ የሽቦው ልባስ ይላላጣል። ስለዚህ ይህን መብራት በትክክል ማንበብ ከአዲስ መኪና ባለቤት ይልቅ ለአሮጌ መኪና ባለቤት ያስፈልጋል።

ክርክሩ የሚቆመው ፍሬን በሚሠራበት መንገድ ላይ ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ በማስተር ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ፒስተን ዘይቱን ይገፋል፤ ዘይቱ በቱቦ ተጉዞ በየጎማው ያለውን ፒስተን ይገፋል፤ እሱ ደግሞ ሸራውን ከዲስኩ ወይም ከታምቡሩ ጋር ያጣብቀዋል። በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ ያረፈበትን ግፊት ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል እንደሚያስተላልፍ ያስረዳው የ17ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ ሊቅ ብሌዝ ፓስካል ነው። አሜሪካዊው ማልኮም ሎክሂድ ይህንኑ ሐሳብ ለመኪና ፍሬን አውሎ እ.ኤ.አ. በ1917 የፈጠራ መብት አገኘበት፤ በ1921 ደግሞ ዱዘንበርግ የተባለው የአሜሪካ መኪና በአራቱም ጎማ የዘይት ፍሬን ተገጥሞለት ወጣ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ቢሻሻልም መሠረቱ አልተለወጠም፤ ዘይቱ ከታሸገበት አይወጣም። የሞተር ዘይት እየተቃጠለ ጥቂት በጥቂት ሊቀንስ ይችላል፤ የፍሬን ዘይት ግን የሚቃጠልበት ቦታ የለውም። ስለዚህ ልኩ ከወረደ ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው፦ ወይ አንድ ቦታ እየፈሰሰ ነው፣ ወይ ሸራው አልቋል። ሸራ ሲሳሳ ፒስተኑ ክፍተቱን ለመሙላት ወደ ውጭ ይገፋል፤ ከኋላው የተፈጠረውን ባዶ ቦታ ዘይት ይሞላዋል፤ በማጠራቀሚያው ውስጥ የነበረው ልክም በዚያው መጠን ይወርዳል።

መብራቱን ለማንበብ አስቸጋሪ ያደረገው አንድ አምፖል ብዙ ጉዳይ እንዲናገር መደረጉ ነው። የእጅ ፍሬን ሲሳብ ይበራል። በዘይት ማጠራቀሚያው ውስጥ ማግኔት የያዘ ተንሳፋፊ አለ፤ ልኩ ዝቅተኛው ምልክት አካባቢ ሲደርስ ማብሪያውን ይዘጋውና ያው መብራት ይበራል። ብዙ የናፍጣ መኪኖች ፔዳሉን የሚያግዘውን ሰርቮ የሚያሠራ የቫኪዩም ፓምፕ አላቸው፤ በአንዳንዶቹ ፓምፑ ሲደክም የሚበራው ይኸው ቀይ መብራት ነው። በአንዳንድ የቆዩ የጃፓን መኪኖች ደግሞ ዲናሞው ባትሪውን መሙላት ሲያቆም የባትሪውና የፍሬኑ መብራት አብረው ይበራሉ፤ ብልሽቱ ከፍሬኑ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ኤቢኤስ ባለው መኪና ቢጫው የኤቢኤስ መብራት ብቻውን ቢበራ ተራው ፍሬን ይሠራል፤ ቢጫውና ቀዩ አንድ ላይ ከበሩ ግን በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ኃይሉን የሚያከፋፍለው ሥርዓት ተቋርጦ ሊሆን ስለሚችል ጉዳዩ ይከብዳል። መብራቱ የበራበት ጊዜም ራሱ ይናገራል። ጥምዝ ላይ ወይም ፍሬን ሲያዝ ብቻ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ከሆነ፣ ዘይቱ ዝቅተኛው ምልክት አጠገብ ደርሶ እየተናወጠ ነው ማለት ነው።

መልእክቱ ብዙ ከሆነ ምርመራው ቅደም ተከተል ሊኖረው ይገባል፤ ቅደም ተከተሉም ቀላሉንና ወጪ የሌለውን ያስቀድማል። መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ፣ ጎማው ታግዶ፣ ፔዳሉ በእግር ይሞከር። የሚሰምጥ ወይም የሚለሰልስ ከሆነ ምርመራው እዚያው ያልቃል፤ መኪናው ተጎትቶ ጋራዥ ይሄዳል እንጂ አይነዳም። ፔዳሉ ጠንካራ ከሆነ የእጅ ፍሬኑ ዘንግ እስከ መጨረሻው ወርዶ በእጅ ጫን ይደረግ፤ መብራቱ ከጠፋ ጥፋቱ የዘንጉ ማብሪያ ነው፣ ወይም ዘንጉ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ካልጠፋ በማጠራቀሚያው ላይ ባሉት ሁለት ምልክቶች መካከል የዘይቱ ልክ ይታይ። ልኩ በቂ ሆኖ መብራቱ ካልጠፋ የተንሳፋፊው ሶኬት ይነቀል፤ በአብዛኞቹ አሮጌ የጃፓን መኪኖች በዚህ ጊዜ መብራቱ ከጠፋ ተንሳፋፊው ራሱ ተበላሽቷል። ከዕድሜ ብዛት ዘይት ሰርጎበት የሰመጠ ተንሳፋፊ የተለመደ ነው። የተንሳፋፊውም የእጅ ፍሬኑ ማብሪያም ሶኬት ተነቅሎ መብራቱ ካልጠፋ ወደ ሽቦውና ወደ ዲናሞው ይኬዳል። እስከዚህ ድረስ ብር የሚከፈልበት ነገር የለም፤ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው።

ልኩ በእርግጥ ወርዶ ከተገኘ ጥያቄው ዘይቱ የት ሄደ የሚለው ይሆናል። መጀመሪያ የሸራው ውፍረት ይታይ። አዲስ የዲስክ ሸራ አብዛኛውን ጊዜ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው፤ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ሲጠጋ የሚቀየርበት ሰዓት ደርሷል። ሸራው አልቆ ልኩ ከወረደ ማብራሪያው ተገኝቷል፤ መፍትሔውም ሸራ መቀየር እንጂ ዘይት መጨመር አይደለም። ሸራው ሳይቀየር ዘይት ከተጨመረ ደግሞ አዲሱ ሸራ ሲገባ ወደ ኋላ የተገፋው ፒስተን ትርፉን ዘይት ገፍቶ ከማጠራቀሚያው ያፈሰዋል፤ የፈሰሰው ቀለም ይበላል። ሸራው ገና ወፍራም ሆኖ ልኩ ከወረደ ግን ዘይቱ ፈስሷል። የጎማዎቹ የውስጥ ገጽ፣ የጎማ ቱቦዎቹ መጋጠሚያ፣ በኋላ ታምቡሮች ውስጥ ያሉት ትናንሽ ሲሊንደሮች በተራ ይታያሉ። አታላዩ ከማስተር ሲሊንደሩ ጀርባ ወደ ሰርቮው የሚገባ ፍሳሽ ነው፤ መሬት ላይ አንዲት ጠብታ ሳይታይ ዘይቱ ይጎድላል። በማስተሩ ውስጥ ያለው ጎሚኒ ሲደክም ደግሞ ልኩ ላይወርድ ይችላል፤ የሚታወቀው ፔዳሉ በተረገጠበት ሳይነሳ ቀስ እያለ ሲሰምጥ ነው።

በዚህ ላይ የሚነሱ መቃወሚያዎች አሉ፤ ቀላል አይደሉም። አንዱ፣ የአሮጌ መኪና መብራት ራሱ ይሳሳታል የሚለው ነው። እውነት ነው፤ የዛገ ማብሪያና የሰመጠ ተንሳፋፊ ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ነገር ግን መሳሳቱ የሚታወቀው ከላይ በተዘረዘረው ፍተሻ ብቻ ነው። ያለ ፍተሻ ተሳስቷል ብሎ አምፖሉን የነቀለ ሰው ሐሰተኛውንም እውነተኛውንም ማስጠንቀቂያ አብሮ አጥፍቷል። ሌላው፣ ፔዳሉ ደህና ስለሆነ አያሳስብም የሚለው ነው። ፔዳሉ ደህና የሆነው ግን ሥርዓቱ እንዲያስጠነቅቅ ተደርጎ ስለተሠራ ነው። ማስጠንቀቂያው የሚመጣው አየር ወደ ቱቦው ከመግባቱ በፊት ነው። በተጨማሪም ዘመናዊ ፍሬን በሁለት የተለያዩ መስመሮች የተከፈለ ነው፤ በአሜሪካ ይህ ለአዲስ የቤት መኪኖች ከእ.ኤ.አ. 1968 ጀምሮ ግዴታ ሆኗል። አንዱ መስመር ሲፈስ ሌላው መኪናውን ያቆመዋል፤ የመቆሚያው ርቀት ግን ይረዝማል። ያ ትርፍ መስመር መኪናውን በሰላም ለማቆም የተሰጠ ዕድል ነው፤ ወር ሙሉ የሚነዳበት ፈቃድ አይደለም። ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጥ ክብደት አለው፦ ሰው መንገድ ላይ ቀርቶ ዘይት ከመጨመር ሌላ ምን ያድርግ? ፔዳሉ ጠንካራ ከሆነ መጨመሩ ምክንያታዊ ነው፤ ከመጨመሩ በፊት ግን ልኩ በእስክሪብቶ ምልክት ይደረግበት ወይም በስልክ ፎቶ ይነሳ። ያ ምልክት ለመካኒኩ ስንት ቀን ውስጥ ስንት እንደጎደለ ይነግረዋል፤ ማስረጃውም አይጠፋም።

የሚጨመረውም ዘይት በማጠራቀሚያው ክዳን ላይ የተጻፈው ዓይነት ይሁን። የሞተር ወይም የመሪ ዘይት በስህተት ከገባ ጎሚኒዎቹን ያሳብጣል፤ ያኔ የጥቂት ብር ጉዳይ ሙሉ ማስተር መቀየር ይሆናል። በሌላ በኩል መብራቱ አለመብራቱ ሁሉም ሰላም ነው ማለት አይደለም። ተራው የፍሬን ዘይት ውሃ ከአየር ይስባል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ ሲገባበት የሚጠበቅበት ዝቅተኛ ልክ 155 ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው፣ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ባለው መንገድ ላይ ፍሬን ላይ ብቻ ተማምኖ የሚወርድ መኪና ዘይቱን ሊያፈላው ይችላል፤ የፈላ ዘይት አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ይጨመቃል፤ ፔዳሉም ይሰምጣል። ማጠራቀሚያው ሙሉ ስለሆነ መብራቱ አያስጠነቅቅም። ስለዚህ ብዙ አምራቾች በየሁለት ዓመቱ ገደማ ዘይቱ እንዲቀየር ይመክራሉ፤ ቁልቁለቱ ደግሞ በዝቅተኛ ማርሽ ቢወረድ ፍሬኑ ያርፋል።

እንግዲህ የመብራቱ ጥቅም የሚወሰነው ሲበራ በምናነሳው ጥያቄ ነው። ምን ያህል ዘይት ልጨምር የሚል ሰው መብራቱን ያጠፋል፤ ዘይቱ የት ሄደ የሚል ሰው ግን ያለቀውን ሸራ ወይም የሚፈሰውን ቱቦ ያገኘዋል። ይህን ለመጠየቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። በመኪናው ውስጥ ያሉት ሰዎችና ከፊቱ የሚሻገሩት እግረኞች በእያንዳንዱ ፍሬን አያያዝ ላይ ስለሚመኩ፣ መብራቱ በበራ ቁጥር መልሱ ሳይገኝ ቁልፉን መልሶ ማዞር ተገቢ አይደለም።