የማክቤዝ ሰዎች በየጁ አገር

ከወልድያ ወደ መርሳ የሚወርደው መንገድ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ሲሪንቃ ከታለፈ በኋላ አየሩ እየሞቀ፥ የማንጎውና የብርቱካኑ አትክልት እየበዛ ሲሄድ፥ ወልድያ ላይ ተሸፋፍኖ የተሳፈረው ሁሉ ኮቱን ማውለቅ ይጀምራል። እኛ ግን ባለፈው ሰሞን በዚያው መንገድ ስንወርድ ዐይናችን ከመስኮቱ ይልቅ በጉልበታችን ላይ ከተዘረጋው መጽሐፍ ላይ ነበር። መጽሐፉም ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰው የሼክስፒር «ማክቤዝ» ነው።

አንባቢ ሆይ፥ «ስለ ስኮትላንድ ንጉሥ የተጻፈ ቴአትር ከሀብሩ ወረዳ ጋር ምን አገናኘው?» ትል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሼክስፒር በአገራችን እንግዳ አለመሆኑን ግን አስቀድመን እናስታውስ። ከበደ ሚካኤል ሮሜዎንና ዡልየትን በአማርኛ አናግሯቸዋል፤ ጸጋዬም (1928–1998 ዓ.ም.) ኦቴሎንና ሐምሌትን ጨምሮ አምጥቶልናል። ደግሞም ወልድያና መርሳ የየጁ አገር ናቸው። ከ1776 ዓ.ም. ከታላቁ ራስ ዓሊ ጀምሮ እስከ 1845 ዓ.ም. ድረስ፥ ሰባ ዓመት ለሚያህል ጊዜ፥ ጎንደር ላይ ንጉሠ ነገሥት እየሾመ የሚሽር፥ እርሱ ግን ዘውድ ሳይጭን በራስነት የሚገዛ ቤት ከዚህ አገር የወጣ ነው። ስለ ዙፋንና ዙፋንን አሻግሮ ስለሚመለከት ሰው ለመወያየት ከየጁ የተሻለ ስፍራ መኖሩን እንጠራጠራለን።

ታሪኩን ለማያስታውስ ባጭሩ እናውሳለት። ማክቤዝ የንጉሥ ደንካን ዘመድና የጦር አበጋዝ ነው። ድል አድርጎ ሲመለስ ሦስት ጠንቋዮች በመንገድ ያገኙትና አዲስ ሹመት እንደሚያገኝ፥ ከዚያም እንደሚነግሥ ይነግሩታል። ለጓደኛው ለባንኮ ደግሞ እርሱ ባይነግሥም ዘሩ እንደሚነግሥ ይነግሩታል። የሹመቱ ወሬ ወዲያው ይደርሳል። ንጉሡም ማክቤዝን ለማክበር ሲል በቤቱ ያድራል፤ ማክቤዝም በሚስቱ ገፋፊነት በዚያችው ሌሊት በተኛበት ይገድለዋል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ አንዱን ደም በሌላ ደም ለመሸፈን የሚደረግ ሩጫ ነው።

መርሳ ላይ ያሳደሩን አንድ ሽማግሌ ናቸው። አቦል ተጠጥቶ ቶና ሲጠበቅ፥ «ልጄ፥ ከመጣህ ጀምሮ ከእጅህ ያልተለየው መጽሐፍ የምን ነው?» ብለው ጠየቁን። ነገሩን ከላይ በጻፍነው ዐይነት ተረክንላቸው። እኛ የጠበቅነው ንጉሡ መገደሉን ሲሰሙ እንዲደነግጡ ነበር። እርሳቸው ግን ይህን እንደ ተራ ወሬ አሳለፉት። ጥቂት ቆይተው፥

«እራት አብልቶት ነው?» አሉን።

«አዎን አባባ፥ አብልቶት ነው።»

«አልጋ አንጥፎለት?»

«አንጥፎለት።»

ስኒያቸውን አስቀመጡ። «እንግዲያስ የንጉሡን ነገር ተወው፤ እንግዳውን ነው የገደለው» አሉ።

እኛ በዩኒቨርሲቲ ስለዚህ ቴአትር ስንፈተን፥ «የሥልጣን ጥም» የሚል ርእስ ጽፈን፥ ከሥሩ አራት ገጽ ሞልተን፥ ጥሩ ማርክ አግኝተን ወጥተናል። ግድያው ለምን በገዳዩ ቤት ውስጥ እንደ ተደረገ ግን ማንም አልጠየቀንም፤ እኛም አልጠየቅንም። ነገሩን ብንመረምረው ሽማግሌው የያዙት ዋናውን ክር ኖሯል። በታሪክ የሚታወቀው ማክቤዝ ደንካንን የገደለው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1040 በጦር ሜዳ ነው። ከዚያም አሥራ ሰባት ዓመት ገዝቷል፤ በ1050 ሮም ድረስ ሄዶ ለድኾች ገንዘብ መበተኑም ተጽፎለታል። በአልጋ ላይ የተኛ እንግዳ አላረደም። ሼክስፒር (1564–1616) ያነበበው የሆሊንሼድ ዜና መዋዕል ግን ሌላ ታሪክ ይዟል፤ ይኸውም ዶንዋልድ የተባለ ሹም ንጉሥ ደፍን በሚጠብቀው ግንብ ውስጥ፥ በሚስቱ ምክር፥ በሌሊት ማስገደሉን ነው። ደራሲው ይህን ኀጢአት ከዶንዋልድ ትከሻ አንሥቶ ማክቤዝ ላይ ጫነው። በጦር ሜዳ የሞተ ንጉሥ ለቴአትሩ አልበቃውም ማለት ነው።

ማክቤዝ ራሱ ይህን ያውቃል፤ ከግድያው በፊት ብቻውን ሆኖ ሲያስብ፥ ዘመዱም ሎሌውም ባለቤቱም መሆኑን፥ እንዲያውም በሩን በገዳይ ላይ ሊዘጋ የሚገባው እርሱ መሆኑን ይቆጥራል። ይህ ሰው «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ከሚሉት ወገን አይደለም። መብልስ ሞልቶታል፤ ሹመትም በላይ በላይ ተጨምሮለታል። ትናንት ያልጎደለው ነገር ዛሬ የጎደለው፥ አንድ ደረጃ ከፍ ካለ በኋላ ነው። አዲስ የሹመት ደብዳቤ የደረሰው ወጣት ይህን ቦታ ሁለት ጊዜ ቢያነበው አይከፋም።

ወልድያ ላይ ያነጋገርናቸው ተማሪዎች ግን ነገሩን በቶሎ ቆርጠውት ነበር፤ «የእኛ ማክቤዝ ካሣ ኃይሉ ነው» አሉን። ከሩቅ ሲያዩት ይመስላል። ካሣ የራስ ዓሊ አሉላን ልጅ ተዋበችን ያገባ፥ በመጨረሻም አማቱን ጥሎ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብሎ የነገሠ ነው። ይሁን እንጂ መመሳሰሉ እዚህ ላይ ያበቃል። ካሣ ዓሊን የገጠመው በሰኔ 1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ ጦር ከጦር ተሰልፎ ነው። ዓሊም ተሸንፎ ወደ አገሩ ወደ የጁ ሸሸ እንጂ በትራሱ ላይ አልታረደም። ቴዎድሮስ በኋላ ዘመኑ የሚወቀስበት ብዙ ነገር አለ፤ ከማክቤዝ ወንጀል ግን ነጻ ነው። ተማሪዎቹ በዚህ ተከራክረውናል፤ ሁሉንም አሳምነናቸዋል ለማለት አንደፍርም።

ሴቶቹን ስናስተያይ ደግሞ ነገሩ የበለጠ ይጠልቃል። ብዙ ሰው የማክቤዝን ሚስት ከእቴጌ መነን ሊበን አመዴ ጋር ያወዳድራል፤ እኛ ግን ንጽጽሩ ስንፍና ይመስለናል። የራስ ዓሊ እናት እቴጌ መነን በልጃቸው ዘመን ከባድ ሥልጣን የነበራቸው፥ በካሣም ላይ ጦር አስከትተው ራሳቸው የዘመቱ ናቸው። በ1839 ዓ.ም. ቆስለው ተማረኩ፤ ልጃቸውም ግዛት ለቆ አስፈታቸው። የማክቤዝ ሚስት ግን መናፍስትን ጠርታ የሴትነት ርኅራኄዬን አውጡልኝ ብላ ትለምናለች፤ እቴጌ መነን ይህ ልመና አላስፈለጋቸውም። ሊወጉ ሲያስቡ ወጡ፤ ሲሸነፉም ተያዙ።

ከማክቤዝ ሚስት ጋር ሊቆሙ የሚገባቸው፥ እንደ እኛ አስተያየት፥ ወይዘሮ ተዋበች ናቸው። አንባቢ ያስታውስ እንደ ሆነ፥ የማክቤዝ ሚስት ደንካንን በገዛ እጇ ያልገደለችው ተኝቶ ስታየው አባቷን ስለ መሰላት ነው። ያ ሁሉ ድፍረቷ በአንድ የመልክ መመሳሰል ተሰናከለ። ወይዘሮ ተዋበች ባለቤታቸው የሚወጋው አባታቸውን የሚመስል ሰው ሳይሆን አባታቸውን ራሱን ነበር። እንዲያም ሆኖ ከባለቤታቸው ጋር ቆሙ። በ1850 ዓ.ም. ሲሞቱ የንጉሡ ኀዘን መራራ ነበር፤ ጭካኔውም ከዚያ ወዲህ መባሱን የሚናገሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ጥቂት አይደሉም። ማክቤዝ ግን የሚስቱን ሞት ሲሰማ ጠላት በግንቡ ሥር ደርሶበት ነበርና፥ ለማልቀስ እንኳ ጊዜ የለውም። ሁለቱን ሞቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ አንድ የአማርኛ ቴአትር የሚጽፍ ሰው እስካሁን ለምን እንደ ጠፋ ይገርመናል።

አሁን ወደ ባንኮ እንምጣ፤ ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣንም እርሱ ነው። ባንኮ በየመማሪያው «ደጉ ጓደኛ» ተብሎ ይታለፋል። ነገር ግን ባንኮ የጠንቋዮቹን ቃል ከማክቤዝ ጋር እኩል የሰማ ሰው ነው። ንጉሡ ሞቶ በተገኘበት ጧት ከገዳዮቹ በቀር ምክንያቱን ሊገምት የሚችል እርሱ ብቻ ነው። ብቻውን ሲሆን፥ ማክቤዝ ዘውዱን በክፉ መንገድ ሳያገኘው እንዳልቀረ ለራሱ ይናገራል። ወዲያው ግን ለእርሱ ዘር የተነገረው ትንቢት ትዝ ይለዋል፤ የአንዱ እውነት ከሆነ የኔስ ለምን አይሆንም ብሎ ዝም ይላል። አዲሱ ንጉሥ ለግብር ሲጠራውም እሺ ብሎ ይሰግዳል። የተገደለው ወደዚያው ግብር ሲሄድ ነው።

በሆሊንሼድ መጽሐፍ ባንኮ የግድያው ተባባሪ ነበር። ይሁን እንጂ ቴአትሩ የተጻፈው በ1606 ገደማ ነው፤ በ1603 ከስኮትላንድ መጥቶ በእንግሊዝ ዙፋን ላይ የተቀመጠው ንጉሥ ጄምስ ደግሞ ዘሩን ከባንኮ ይቆጥር ነበር። የንጉሥ እንጀራ የሚበላ ደራሲ የንጉሥን አያት ነፍሰ ገዳይ አያደርግም! ስለዚህ ሼክስፒር የባንኮን እጅ አጠበለት። ዝምታውን ግን አላጠበለትም።

በየመሥሪያ ቤታችን ማክቤዝን ያየን ጥቂቶች ነን። ባንኮን ግን በየኮሪደሩ ሰላም እንለዋለን። እኛም በሥራ ላይ በቆየንባቸው ጥቂት ዓመታት አንድ ጊዜ ባንኮ ሆነን እናውቃለን። ያላግባብ የሚፈረም ወረቀት በፊታችን ሲያልፍ፥ የዕድገቱ ዝርዝር ሊወጣ አንድ ሳምንት ቀርቶት ስለ ነበር፥ ፊታችንን ወደ መስኮቱ አዙረናል። ስማችን በዝርዝሩ ላይ ወጣ። እስከ ዛሬም ያነሣብን ሰው የለም።

ስለ ጠንቋዮቹ ብዙ ስለ ተጻፈ እንለፋቸው። ባንኮን የሚገድሉት ሰዎች ግን አንድ ቃል ይገባቸዋል። ማክቤዝ የእጅ መንሻ ብቻ አይሰጣቸውም፤ ለድህነታቸው ባለቤት ይሰይምላቸዋል፤ ያጎሳቆላችሁ ባንኮ ነው ይላቸዋል። እውነት ይሁን ሐሰት አንባቢ ማወቂያ የለውም፤ እነርሱም አላጣሩም።

ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት መብራት፥ ስልክና ባንክ ተቋርጦባት የከረመች ከተማ ናት። ስለዚህ አራተኛውን ገቢር እዚያ ማንበብ ሌላ ነገር ነው። በዚህ ገቢር ሮስ የተባለው መኰንን ወደ እንግሊዝ አገር ለተሰደደው ለማክደፍ ወሬ ይዞ ይመጣል። ማክቤዝ የማክደፍን ሚስትና ልጆች አስጨርሷቸዋል። ማክደፍ እንዴት ናቸው ብሎ ሲጠይቀው፥ ሮስ መጀመሪያ ስለያቸው በሰላም ነበሩ ይለዋል፤ መርዶውን የሚነግረው ቆይቶ ነው። እኛ ይህን የደራሲ ብልሃት ነው፥ ተመልካቹን ለማስጨነቅ ነው ብለን ስናስረዳ አንድ ተማሪ አቋረጠን።

«ብልሃት አይደለም» አለ። «ስልክ በተከፈተ ቀን አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ደውሎ ‹አባባ ደኅና ነው?› ሲለኝ፥ እኔም መጀመሪያ ‹ደኅና ነው› ብዬዋለሁ።»

ስለዚህ ክፍል ከዚያ በኋላ ምንም አላስረዳንም።

መርሳ ላይ ይህን ሁሉ ለሽማግሌው አጫወትናቸው። በረካው ቀርቦ ነበር። ማክቤዝ በማክደፍ ሰይፍ መውደቁን፥ የደንካን ልጅ ማልኮም መንገሡን ስንነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በኋላ፥ «ያ በጨለማ ያመለጠው የባንኮ ልጅስ?» አሉን።

ፍሊያንስን ማለታቸው ነው። ገዳዮቹ አባቱን ሲጥሉ እርሱ ሮጦ ያመልጣል። ሆሊንሼድ ወደ ዌልስ ሸሸ ይላል፤ በቴአትሩ ግን ልጁ ዳግመኛ ወደ መድረኩ አይመለስም። ይህንኑ ነገርናቸው።

«ደራሲው ይህን መተው አልነበረበትም» አሉ። «በዚያ ሌሊት የማንን በር አንኳኳ? ማንስ አሳደረው?»

መጽሐፉን ገልጠን ሦስተኛውን ገቢር እንደ ገና ፈለግን። የለም።