ሦስት ኮድ፣ አንድ ሥራ፦ ትውውቅ ከማትሪክስ ረስት ኤስዲኬ ጋር

የፈረንሳይ መንግሥት ሠራተኞች የሚጻጻፉበት ቻፕ እና የጀርመን ጦር የሚገለገልበት ቢደብልዩ ሜሴንጀር መሠረታቸው አንድ ነው፤ ማትሪክስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ የሆነው ይህ ክፍት የመልእክት ሥርዓት ማንም የራሱን ሰርቨር አቁሞ፣ ሌላ ሰርቨር ላይ ካለ ሰው ጋር እንዲጻጻፍ ያስችላል።

ተጠቃሚው የሚያየው የአፑን ገጽ ብቻ ነው። ከሰርቨሩ ጋር የሚነጋገረው፣ መልእክቱን የሚመሰጥረውና የሚፈታው፣ ቁልፍ የሚይዘው ግን ከሥር ያለው ላይብረሪ ነው። ኤለመንት የተባለው ዋናው የማትሪክስ አፕ ለዓመታት ሦስት ላይብረሪዎች ነበሩት፤ አንዱ ለድር፣ አንዱ ለአንድሮይድ፣ አንዱ ለአይፎን። የምስጠራው ሒሳብ ሊብኦልም በተባለ የጋራ ኮድ ይሠራ ነበር። የትኛውን ስልክ ልመን፣ ቁልፉን ለማን ልስጥ የሚለውን ግን እያንዳንዱ ለብቻው ይወስን ነበር።

ጣጣው የመጣው ከዚሁ ውሳኔ ነው። አዲስ ስልክ የገዛ ሰው የቆዩ መልእክቶቹን ለማንበብ፣ አዲሱ ስልክ ከአሮጌው ቁልፍ ይጠይቃል። አሮጌውም ጠያቂው በእርግጥ የባለቤቱ መሆኑን አጣርቶ መስጠት አለበት። በ2021 በተደረገ ፍተሻ የድሩና የአንድሮይዱ ኮድ በዚህ ማጣራት ላይ ክፍተት እንዳለባቸው ታወቀ። ሌሎች ሰዎች የጻፏቸው አፖችም ተመሳሳይ ቀዳዳ ተገኘባቸው። አንዱን ስህተት ለማረም ብዙ እጅ፣ ብዙ ኮድ ውስጥ መግባት ግድ ሆነ።

«ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚል ሰው፣ ላይብረሪ ቢበዛ ምን ገዶን ሊል ይችላል። በ2022 የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከባድ ድክመቶችን ሲያጋልጡ ግን የሦስቱ ባላዎች ነገር ግልጽ ወጣ፤ የስልኮቹ ኮድ የድሩን ንድፍ ተከትሎ የተሠራ ስለነበር፣ የተቆረጡት ከአንድ ዛፍ ነበር። ድካሙ ሦስት እጥፍ፣ ጥበቃው ግን የአንድ ያህል።

መፍትሔው ማትሪክስ ረስት ኤስዲኬ የተባለ አንድ የጋራ ላይብረሪ ሆነ። ረስት ብዙ የሜሞሪ ስህተቶችን ፕሮግራሙ ሥራ ላይ ሳይውል የሚይዝ የፕሮግራም ቋንቋ ነው። አንድ ጊዜ የተጻፈው ኮድ፣ ዩኒኤፍኤፍአይ በተባለ የሞዚላ መሣሪያ አማካይነት ለአይፎን በስዊፍት፣ ለአንድሮይድ በኮትሊን የሚጠራ ይሆናል፤ ለድር ደግሞ ወደ ዌብአሴምብሊ ይለወጣል። የሊብኦልምን ቦታ የወሰደው ቮዶዜማክም በረስት የተጻፈ ሲሆን፣ በ2022 ሊስት ኦቶሪቲ በተባለ ድርጅት ተመርምሯል።

ከባዱ ሥራ ዝውውሩ ነበር። ተጠቃሚው አፑን አድሶ ሲከፍት፣ በአሮጌው ማከማቻ ያሉት ቁልፎች ሁሉ ወደ አዲሱ መገልበጥ አለባቸው፤ አንድ ቁልፍ ከጠፋ በእሱ የተመሰጠሩት መልእክቶች አይነበቡም። ስለዚህ በነባሮቹ አፖች ውስጥ መጀመሪያ የተቀየረው የምስጠራው ክፍል ብቻ ነው። ሙሉ በሙሉ በረስቱ ላይብረሪ ላይ የተገነባው የስልክ አፕ ኤለመንት ኤክስ ነው። የሊኑክስ ተጠቃሚዎች የሚያውቁት ፍራክታልም እንዲሁ በዚሁ ላይ እንደገና ተጽፏል።

ውህደቱ ዋጋ ያስከፍላል፤ ከእንግዲህ እዚህ ኮድ ውስጥ የገባ ስህተት በአንድ ጊዜ ሁሉም ጋ ይደርሳል። ውህደቱ ገናም አላለቀም፤ የድሩ ኤለመንት ከምስጠራው በቀር አሁንም በአሮጌው የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ ይሠራል። ሆኖም ማትሪክስ ክፍት ደንብ በመሆኑ፣ ሌሎች ቡድኖች ከዚህ ኮድ ምንም ሳይወስዱ የራሳቸውን መጻፋቸውን ቀጥለዋል። እውነተኛው ሁለተኛ ባላ የእነሱ ሥራ ነው።